ልጆቹን የቀበረ አባት

በሀገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ምርቃቱ የሚለምነው ሀብት ወይም ክብር አይደለም፤ ተራ እንዳይፋለስ ነው። አባት ቀድሞ ይሂድ፣ ልጅ ኋላ ቀርቶ አፈር ያልብስ ማለት ነው። ተራው የተፋለሰበት ሰው ግን ዕድሜው በረዘመ ቁጥር የሚሸኘው ሬሳ ይበዛል። የአትላንታው መጋቢ ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲኒየር እንዲህ ያለ ዕድሜ የተሰጣቸው ሰው ነበሩ። ስማቸውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በልጃቸው ነው። የልጁን ታሪክ የሚጽፉ ደራስያን አባትየውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ያስገቧቸውና በሁለተኛው ይረሷቸዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ሳነብ ኖሬአለሁ።

የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1897 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጆርጂያ ግዛት፣ ስቶክብሪጅ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ማይክል ነበር፤ በ1930ዎቹ ነው የራሳቸውንም የበኩር ወንድ ልጃቸውንም ስም «ማርቲን ሉተር» ብለው የለወጡት። አባታቸው ጄምስ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ እኩል አራሽ ነበሩ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር እኩል አራሽ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ በመከር ሒሳብ ሲደረግ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ነውና። ትንሹ ማይክል ነጮች አንድን ጥቁር ሰው ደብድበው ሲሰቅሉ በዓይኑ አየ። አባቱ ምሬታቸውን በመጠጥ ማስረሳት ልማድ አድርገው ነበር፤ ሰክረው ገብተው እናቱን ዴልያን ሲመቱ አንድ ቀን ልጁ መሀል ገብቶ ከአባቱ ጋር ተናነቀ። ኋላ ቄስ ኪንግ ያቆሙትን ቤት ለመረዳት ይህችን ሌሊት ማስታወስ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። መጠጥ የማይገባበት፣ እናት የማትመታበት፣ ኪራይ የማይጠየቅበት ቤት ሊሠሩ የቆረጡ ሰው ነበሩ።

ወደ አትላንታ ሲሄዱ ከድህነትና ከበቅሎ ሽታ በቀር የያዙት አልነበረም። በልጅነታቸው ጠዋት በቅሎዋን ጠርገው ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ጓደኞቻቸው በሽታቸው ይሳለቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደ በቅሎ ብሸትም እንደ በቅሎ አላስብም ብለው እንደመለሱ ይነገራል። ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲፈተኑ ደረጃቸው አምስተኛ ክፍል ሆነ። ሙሉ ሰው፣ ያውም መስበክ የጀመረ ሰው፣ ከሕፃናት ጋር ሊቀመጥ! ተቀመጡ። ሞርሃውስ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተናውን አላለፍክም ብሎ ሲመልሳቸውም በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄደው ተማጸኑ፤ ገቡም፤ በ1930 በነገረ መለኮት ተመረቁ።

በዚሁ መሀል ከኤበንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ልጅ ከአልበርታ ዊልያምስ ጋር ተዋደዱ። እሷ የተማረች፣ ኦርጋን የምትጫወት፣ የከተማ ልጅ ናት፤ እሳቸው ገና ፊደል የሚያጠኑ የገጠር ሰባኪ። ሆኖም በ1926 ተጋቡ። ኑሯቸውም በኦበርን ጎዳና በአማቶቻቸው ቤት ፎቅ ላይ ሆነ፤ ክርስቲን በ1927፣ ማርቲን በ1929፣ በቤት ስሙ ኤ.ዲ. የተባለው አልፍሬድ ዳንኤል በ1930 የተወለዱት በዚያው ቤት ነው። አማታቸው በ1931 ሲያርፉ ቄስ ኪንግ የኤበንኤዘርን መድረክ ወረሱ። ወይዘሮ አልበርታም መዘምራኑን አሠለጠኑ፣ ኦርጋኑ ላይ ተቀመጡ። እሱ ይሰብካል፣ እሷ ትጫወታለች፤ አርባ ዓመት ከዚያም በላይ።

ስለ ቄስ ኪንግ አባትነት ስንናገር ማር ብቻ አንቀባ። ቁጡ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን በአለንጋ ይገርፉ ነበር፤ የልጆቻቸውን መንገድ እሳቸው ሊተልሙላቸው ይፈልጉ ነበር። ማርቲን በሥነ መለኮት ተማሪነቱ ስለ ራሱ በጻፈው ድርሰት ግን አባቱን የሚያስታውሳቸው ቤተሰባቸውን ከሁሉ በፊት የሚያስቀድሙ፣ ገንዘብ የማያባክኑ፣ ለልጆቻቸው የሚያስፈልገውን ሁሉ ያላጓደሉ ሰው አድርጎ ነው። ሌላም የሰጡት ነገር አለ። አንድ ቀን ጫማ ሊገዙለት ገብተው ከፊት ወንበር ሲቀመጡ ሻጩ ወደ ኋላ ተቀመጡ አላቸው፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው ሳይገዙ ወጡ። ሌላ ቀን የትራፊክ ፖሊስ መኪናቸውን አስቁሞ «አንተ ልጅ» ሲላቸው አጠገባቸው ወደተቀመጠው ማርቲን እያመለከቱ፣ ልጅ እሱ ነው እኔ ሰው ነኝ፣ በሚል አነጋገር መለሱለት። በ1930ዎቹ አጋማሽም ጥቁሮች በመራጭነት ይመዝገቡ ብለው ሰልፍ መርተው ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄደዋል፤ የጥቁር መምህራን ደመወዝ ከነጮቹ ጋር እኩል እንዲሆንም ታግለዋል። ልጁ ያን ሁሉ ድፍረት ከጋንዲ መጻሕፍት ብቻ አልተማረም።

ይሁን እንጂ ድፍረትን ያስተማረ አባት የድፍረቱ ዋጋ በልጁ ሲጠየቅ ምን ያደርጋል? በየካቲት 1956 ይህ ጥያቄ መጣ። በሞንትጎመሪ የማርቲን ቤት በቦምብ ተመትቶ ነበር፤ የአውቶቡሱን አድማ መሪዎች ሊያስር ፍርድ ቤቱ ክስ መሥርቷል። ማርቲን ወደዚያ ሲመለስ በአትላንታ ሲያልፍ ቄስ ኪንግ የከተማውን ታላላቅ ሰዎች፣ የሞርሃውስ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሜይስን ሳይቀር፣ ቤታቸው ሰበሰቡ። ለምነው ያስቀሩልኝ ማለታቸው ነው፤ እኛ አገር ሽማግሌ እንደምንልከው መሆኑ ነው። ማርቲን ጓደኞቹን ጥሎ ከመቅረት ዐሥር ዓመት መታሰርን እንደሚመርጥ ተናገረ። አባትየው አለቀሱ። ሜይስም ልጁ ልክ ነው አሉ። በማግሥቱ ቄስ ኪንግ ልጃቸውን ተከትለው አብረውት ወደ ሞንትጎመሪ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በአፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን በሜምፊስ በጥይት ተገደለ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብዙዎቻችን የማናውቀው ተከታዩን ነው። ማርቲን በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ረዳት መጋቢ ነበርና ባዶ የቀረውን ስፍራ ወንድሙ ኤ.ዲ. ያዘ። ዓመት ሳይሞላው፣ በጁላይ 21 ቀን 1969፣ በቤቱ የመዋኛ ገንዳ ሞቶ ተገኘ። ሽማግሌው እንደገና ብቻቸውን መስበክ ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። በጁን 30 ቀን 1974፣ በእሑድ ጸሎት፣ ወይዘሮ አልበርታ በኦርጋናቸው ላይ ተቀምጠው «አባታችን ሆይ» የሚለውን ሲጫወቱ ምእመናኑ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ከመሀላቸው አንድ ጥቁር ወጣት ተነሥቶ ተኮሰ። ወይዘሮ አልበርታና አንድ ዲያቆን ሞቱ። ገዳዩ የመጣው ቄስ ኪንግን ሽቶ እንደነበር ተናግሯል። አርባ ዓመት በላይ ሚስታቸው የተቀመጡባት ያች ስፍራ፣ ከዓለም ሁሉ ይልቅ ደኅና ነች ብለው የሚያስቧት ስፍራ ነበረች። ፍርድ ቤት በገዳዩ ላይ ሞት ፈረደበት፤ በኋላ ግን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የኪንግ ቤተሰብ የሞት ቅጣትን መቃወሙ ነው።

ቄስ ኪንግ በ1980 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ላይ፣ እንዲጠሏቸው የሚጠበቅባቸው ሁለት ሰዎች መኖራቸውን፣ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር መሆኑን፣ ሁለቱንም ግን እንደማይጠሉ ጽፈዋል። ለጥላቻ ጊዜም ምክንያትም የለኝም ባይ ናቸው። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ የቄስ ወግ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን የዚያን የስቶክብሪጅ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ምሬት ገብቶበት አንድን ጠንካራ አራሽ ሚስቱን እስከሚመታ ድረስ ሲያወርደው ያየውን ልጅ። ምሬት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር።

በ1975 ጡረታ ወጡ። በ1976 የኤ.ዲ. ልጅ የሆነች የልጅ ልጃቸው በወጣትነቷ በድንገት አረፈች። በዚያው ዓመት የዴሞክራቶች ጉባኤ ጂሚ ካርተርን ለፕሬዚዳንትነት ሲያጭ በኒው ዮርክ የመዝጊያውን ቡራኬ የሰጡት እሳቸው ነበሩ። የልጃቸው ልደት ብሔራዊ በዓል እንዲሆን የሚያዘው ሕግ በ1983 ሲፈረም በሕይወት ነበሩ፤ በዓሉ በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከበር ግን አልደረሱበትም። በኖቬምበር 11 ቀን 1984 በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው በአትላንታ አረፉ፤ በሳውዝ ቪው መካነ መቃብርም ከአልበርታ ጎን ተቀበሩ።

ከወለዷቸው ሦስት ልጆች ያን ቀን በሕይወት የነበረችው የበኩር ልጃቸው ክርስቲን ብቻ ናት። በስፔልማን ኮሌጅ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ስታስተምር ኖራ፣ እሷም በ2023 በዘጠና አምስት ዓመቷ አረፈች።