ስለ ጥንት ዕቃና ስለ ጠባብ ቤት

በጅማ ከተማ የምኖርበት ቤት ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስቱ አንዱ ሰው የማይገባበት ሆኖ ነበር፤ የዘጋውም ሌላ ጠላት ሳይሆን እኔው በየሐሙሱ ከሂርማታ ገበያ እየገዛሁ ያስገባሁት አሮጌ ዕቃ ነው። እግሩ የተሰበረ በርጩማ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ክዳን የሌለው ሙዳይ፣ ቆዳው የደረቀ ኮርቻ ተደራርበው ወደ ጣራው ተጠጉ። በርጩማ የሞላበት ቤት ለእንግዳ መቀመጫ አጣ። ባለቤቴም አንድ ቀን «መምህር፣ ይህ ቤት የሰው ነው ወይስ የዕቃ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቅኔ ቤት ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ለዚህ ግን አጣሁለት። ነገሩን ከታሪክ መመርመር የጀመርሁትም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የጥንት ሰው ቤቱ የሰፋለት ዕቃ ስላልነበረው ነው የሚል ይሳሳታል። ዕቃስ ነበረው፤ ነገር ግን የዱሮ ቤት ወለሉ ለሰው፣ ግድግዳው ለዕቃ የተሰጠ ነበር። ሰፌዱና አገልግሉ፣ ጋሻውና ኮርቻው እንደየመጠኑ በችካል ይሰቀላል፤ እህሉ በጎታ፣ ጠላው በጋን ሆኖ በጓዳ ይኖራል፤ በየቀኑ የማይፈለገውም ወደ ቆጥ ይወጣል። መጽሐፍም ቢሆን በወለል አይከመርም፤ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ይንጠለጠላል፤ ይኸውም ከመሬት እርጥበትና ከምስጥ ይጠብቀዋል። በጅማ ዙሪያ ባሉ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ቁርኣኑ እንዲሁ በቆዳ ማኅደር ተሰቅሎ አይቻለሁ። ሥራ ያለው ዕቃ ሲፈለግ ይወርዳል፣ ሥራው ሲፈጸም ይሰቀላልና ቤት አያጠብም። ቤት የሚያጠበው ሥራውን ትቶ እንዲታይ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ነው።

ለዚህም የጅማ በርጩማ ምስክር ነው። ከአንድ ግንድ፣ ይልቁንም ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ምስማርም መጋጠሚያም የለውም፤ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ አንድ አካል ናቸው። እዚህ ላይ ምሥጢረ ሥላሴን ለማምጣት የሚቸኩል ባለ ቅኔ አይጠፋም፤ እኔም በወጣትነቴ አምጥቼው ነበር። ጠራቢው ግን ያሰበው ስለ ወለሉ ነው። ሦስት እግር ያለው መቀመጫ በጎርባጣ መሬት ላይ አይነቃነቅም፤ አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ካልተስተካከለ አንዱ እግሩ ሁልጊዜ በአየር ላይ ነው። የተቀመጠው ሰው ሲነሣም በአንድ እጅ አንሥቶ ከግድግዳ ያስጠጋዋል። እንግዲህ ይህን የመሰለውን ዕቃ ዐሥራ አራት አድርጎ በአንድ ክፍል መቈለል የጠራቢውን አሳብ አለማወቅ ነው፤ ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው።

ጅማ የዕቃ አገር የሆነችው በንግድ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምረው ከአምሳ ዓመት በላይ ሲገዙ፣ ለዐፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለ ጠበቁ፣ አገራቸው ጎረቤቶቿን ካገኛቸው የጦር ጥፋት ተርፋለች። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ከበታቹ ባለው በሂርማታ ገበያ የቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና የዝባዱ ነጋዴ ይገናኝ ነበር። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የዚያን ዘመን ዕቃ ውበቱን ብቻ እያየ የሚያደንቅ ሰው ይህን አብሮ ያስብ። ከንጉሡ መገልገያ የተረፈው በጅማ ሙዚየም የተቀመጠ ሲሆን፣ ከክብር ዕቃው ጋር ከቦታ ወደ ቦታ የሚወሰድ የእንጨት መጸዳጃ እንኳ ይገኝበታል። አንዳንድ ጎብኚ በዚህ ይሥቃል። እኔ ግን ያን ያልጣለውን ሰው አመሰግናለሁ፤ የክብሩን ዕቃ ማንም ያኖረዋል፣ የመጸዳጃውን ግን አስተዋይ ካልሆነ የሚያኖረው የለም።

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደን ወደ ከፋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ እጅ በተያዙ ጊዜ የመንግሥቱ ዘውድ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ፤ ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው የስዊሱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወሰደው። እንደሚተረከው ዘውዱ በአገር ከኖረ ከፋ ተመልሶ ይነሣል የሚል ፍርሃት ነበር። ከብዙ ዘመንም በኋላ በ1947 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘውድስ ዘውድ ነውና ፈላጊ አያጣም፤ የሰፌድና የበርጩማ ፈላጊው ማን ነው?

እርሱንም የፈለገ አንድ ሰው ነበር። ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር የሚባል የቪየና ሰው በ1897 ዓ.ም. ወደ ከፋ ሄዶ የሕዝቡን የዕለት መገልገያ ሰበሰበ። ስብስቡም ዛሬ ከፊሉ በቪየና ሙዚየም፣ ከፊሉ እርሱ ይኖርበት በነበረው በሂትዚንግ ሰፈር ሙዚየም ይገኛል። ይህ ሰው ዕቃውን ወስዶ ዝም አላለም፤ ስለ ከፋ በሁለት ክፍል መጽሐፍ ጽፎ የሕዝቡን ኑሮና ሥርዐት በዝርዝር አስቀመጠ። ዕቃው ከአገሩ በመውጣቱ አዝናለሁ፤ ስለ ጽሕፈቱ ግን ክብር እሰጠዋለሁ። የእኔ ክፍል ስብስብ መሆኑ ቀርቶ ቍልል የሆነው ጽሕፈት ስለ ጎደለው ነው። ከማን እንደ ገዛሁት፣ ከየት መንደር እንደ መጣ፣ ምን ይሠራበት እንደ ነበረ ከዐሥሩ የዘጠኙን ረስቼው ነበር።

ይህ ደግሞ ለእኛ ለቤተ ክህነት ሰዎች ይበልጥ የሚያሳፍር ነው፤ ትምህርቱ በእጃችን ነበርና። ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳቱን በመቅደሱ ወለል አትከምርም፤ ዕቃ ቤት አላት፣ ለዕቃ ቤቱም ጠባቂ አለው። የብዙ ገዳማትና አድባራት የንብረት ዝርዝርም በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ መስቀሉ ይህን ያህል፣ ጽናሑ ይህን ያህል፣ መጽሐፉ ይህ ይህ ተብሎ። ሌላ መዝገብ ቢጠፋ ወንጌል አይጠፋም ብለው ነው። ይሁን እንጂ ሁሉን በአንድ ስፍራ ማከማቸት የራሱ አደጋ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋያት በ1860 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል።

በኋላ ዘመን ይህን መፍሰስ ለመግታት የተነሡ አልታጡም። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አበጀ፤ ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ከአገር ሊወጣ የተዘጋጀውን ቅርስ ከገበያ እየገዛ ያስቀር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ በግል እጅ እንዲኖር ሲፈቅድ፣ ባለቤቱ እንዲያስመዘግበውና እንዲጠብቀው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ከጎረቤቶቼ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ባለማወቅም የሚሆነውን በአጋሮ አይቻለሁ። አንዲት ባልቴት ልጆቻቸው ቤቱን ሊያሳምሩላቸው ብለው አሮጌውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጡ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መደገፊያው የተቀረጸ የአያታቸው ወንበር በደጅ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ፣ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ሰጥቶ ወሰደው። እኔ የደረስሁት በማግሥቱ ነው። ቤቱ በእውነት ጸድቷል፤ ወለሉ ያበራል። ባልቴቲቱ ግን በፕላስቲኩ ላይ ተቀምጠው «አባቴ፣ ይኸስ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ቤት ለማጥራት የሚተጉትን ልጆች አልነቅፋቸውም፤ እኔ በማግበስበስ፣ እነርሱ በማውጣት፣ የሁላችንም ስሕተት አንድ ነው፤ ማንኛችንም ዕቃውን ማን እንደ ሆነ አልጠየቅነውም።

ከአጋሮ ተመልሼ ከባለቤቴ ጋር ክፍሉን ከፈትነው። አንድ ደብተር አበጅተን እያንዳንዱን ዕቃ አንሥተን የምናውቀውን ጻፍን፤ የማናውቀውን ሻጩን በገበያ ፈልገን ጠየቅን። ዘሩ የታወቀው ለቤተ ሰቡ ተመለሰ፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦች በደስታ ሲቀበሉ ሦስተኛው «ምን እናድርገው?» ብሎ መልሶ ሰደደልን። ብርቅ የሆነውን ሕዝብ ወደሚያየው ስፍራ ሰጠን። የተሰበረውን በርጩማ ጠራቢ አድሶት ልጄ ወሰደው። በቤታችን የቀረው ሦስት በርጩማ፣ አንድ ጀበና፣ አንድ ዋንጫ ነው፤ ጀበናው ይፈላበታል፣ ዋንጫው በችካል ተሰቅሏል፣ ደብተሩም ከመጻሕፍቴ ጋር በማኅደር ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከማና የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት በርጩማውን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን የመጥረቢያ ምልክት በጣታቸው ዳሰሱና «መምህር፣ ይህ እኮ የጅማ አይደለም፤ የጌራ ሰው እጅ ነው» አሉኝ። ደብተሩን አውርጄ «ጅማ» የሚለውን ሰረዝሁ። የጠራቢውን ስም ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ አባቱን አውቃለሁ ብለው ተቀመጡና እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ አጫወቱኝ።