የአቡ ዘይድ ጭጋግ

በሰላም ቁጭ ባሉበት ልብዎ በድንገት መደለቅ ጀምሮ፣ እጅዎ ተንቀጥቅጦ፣ ትንፋሽ አጥሮዎት «አሁን መሞቴ ነው» ብለው ያውቃሉን? ከዚያስ የኢማን ድክመት መስሎዎት ከቤተሰብዎ ደበቁት?

እንግዲያውስ የአቡ ዘይድ አል-በልኺን ነገር ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር፣ በበልኽ አቅራቢያ ተወለደ። የአል-ኪንዲ ተማሪ ነበር፤ በ934 አረፈ። «መሷሊህ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፉ አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም አስረድቷል። የነፍስን ነገር ችላ ያሉትን ሐኪሞችም ወቅሷል። ፍርሃትን፣ ቁጣን፣ ሐዘንንና ውስዋስን ለየብቻ ተንትኗል።

የሚፈራን ሰው ጭጋግ አይቶ ከማያውቅ የበረሃ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ከሩቅ ሲያየው መተንፈሻ የሌለው ግድግዳ ይመስለዋል፤ ሲገባበት ግን እርጥብ አየር ሆኖ ያገኘዋል። (የደጋ ልጅ በዚህ ይስቅ ይሆናል፤ የራሱ ጭጋግ እስኪመጣበት!)

ምክሩስ? ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት አስቀድሞ ቤት እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ የሚያረጋጋውንም ሐሳብ በደህናው ጊዜ ማኖር ነው። ለምሳሌ፣ ያለፈው ጊዜ ፍርሃት እንዴት እንዳለፈ ማስታወስ። በጭንቅ ሰዓት አዲስ ሐሳብ ፍለጋ አይሆንምና። የራስ ሐሳብ ባይበቃ ደግሞ የሌላ ሰው ምክር አለ ይላል፤ ለዚህ ግን የደበቁትን መንገር ያስፈልጋል።