የሕፃናት የልብ ድካምና የሕክምናው ታሪክ



የልብ ሥራ ደምን ወደ መላው አካል መላክ ነው። ይህን ሥራ እንደሚገባ መፈጸም ሲያቅተው ሐኪሞች የልብ ድካም ይሉታል። ብዙዎቻችን ይህን ደዌ የሽማግሌዎች ብቻ አድርገን እናስበዋለን፤ ነገር ግን ሕፃናትንም ይይዛል። ሕፃን ሕመሙን በቃል አይናገርም፤ ጡት ሲጠባ ያልበዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ጥቂት ጠብቶ ይተዋል፤ ክብደቱም አልጨምር ይላል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋር መሮጥ ይሳነዋል፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩና ሆዱ ያብጣል። ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የሰው ልጅ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ዛሬ እንመለከታለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች በአብዛኛው የሚታገሉት ከእብጠቱ ጋር እንጂ ከልቡ ጋር አልነበረም። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ በሽሮፕሻየር አውራጃ አንዲት አሮጊት ከ20 በላይ ዕፀዋት ቀምመው የሰውነት እብጠትን እንደሚያድኑ ሰሙ። ሐኪሙ የአሮጊቷን ቅመም ሳይንቁ መረመሩት፤ ኃይሉም ፎክስግላቭ ከሚባለው ተክል የሚመጣ መሆኑን ተረዱ። 10 ዓመት ያህል ከተከታተሉት በኋላ በ1785 ያገኙትን በመጽሐፍ አወጡ፤ ተክሉ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ መሆኑንም አስጠነቀቁ። ከዚሁ ተክል ዘመድ የተገኘው ዲጎክሲን የተባለው መድኃኒት እስከ ዛሬ ድረስ በሐኪም ትእዛዝ ለሕፃናት ጭምር ይሰጣል።

ይሁን እንጂ መድኃኒት የደከመውን ልብ ይደግፋል እንጂ በአፈጣጠር የተበሳውን አይደፍንም። ለዚህ ቀዶ ጥገና አስፈለገ። በነሐሴ ወር 1938 ዶክተር ሮበርት ግሮስ በቦስተን ከተማ፥ ከልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረውን የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ የደም ሥር አስረው አዳኗት። ነገር ግን ይህ የደም ሥር የሚገኘው ከልብ ውጭ ነው። ልብ ራሱ ተከፍቶ ሲሰፋስ፥ በዚያች ሰዓት የልጁን ደም ማን ያንቀሳቅሳል?

መልሱ የወላጅ ልብ ሆነ። በመጋቢት ወር 1954 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የአንድ ሕፃን ደም ሥር ከአባቱ ደም ሥር ጋር በቱቦ አገናኙ። የልጁ ልብ ተከፍቶ ቀዳዳው ሲሰፋ የአባቱ ልብና ሳምባ ለሁለቱም ሠሩ። ሕፃኑ ከ11 ቀን በኋላ በሳምባ ምች ሞተ፤ የልቡ ስፌት ግን ጸንቶ ተገኘ። በዚህ መንገድ ከታከሙት 45 ሕሙማን 28ቱ ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደማቸውን ካዋሱት ሰዎች አንድም አልሞተም። ከ1955 ወዲህ ይህን ሥራ መኪና ተረከበው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብዙ ልጆች ጤናማ ልብ ይዘው ተወልደው በኋላ ይታመማሉ። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ የሪውማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ የልብንም በሮች ያበላሻል። እንጥል ማስቈረጥ ይህን አያስቀርም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በአንድ የአየር ኃይል ሰፈር የተደረገ ጥናት፥ ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን የታከመ ሰው ከሪውማቲክ ትኩሳት እንደሚጠበቅ አሳየ። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፥ ለብዙ ዓመታት መርፌውን ይወጋል።

ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበርን አቋቋሙ። ብዙ ልጆችም ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ቆዩ። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የልብ ቀዶ ጥገና ውድ ነው፤ መርፌው ግን ርካሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የእርስዎ ድርሻ የቱ ነው? ልጅዎ ጉሮሮውን ሲያመው ሐኪም ያሳዩት። ከገጠር የመጣ ዘመድ ስለ ልጁ ሲያማክርዎ ያወቁትን ይንገሩት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆኑም፥ ልጁን ለመርፌ የሚያደርስ ሠራተኛ በየወሩ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅዎ ፊትዎን አያጥቍሩበት። በሚኒሶታ የነበረው አባት ለልጁ ልቡን አውሶ ነበር፤ ከእኛ የሚጠየቀው ግማሽ ቀን ብቻ ነው።