ከተሟጋቹ ወደ ዳኛው፦ የታዳጊዎች የመብት ክርክር በክፍል ውስጥ

የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መማሪያ መጻሕፍት ለዓመታት የቆሙት ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እስከ ዕውቀትን መሻት በተዘረዘሩ 11 እሴቶች ላይ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «መቻቻል ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን ሳያዛንፍ ይወጣዋል፤ ፈተናው ምርጫ እስከሆነ ድረስም ከዚያ በላይ አይጠየቅም። መብት የሚከብደው ግን ሁለት ተገቢ ነገሮች ሲጋጩ ነው።

ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ መከልከላቸው ውዝግብ አስነሥቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ገደብ የሚፈቅደውም በሕግ ሲደነገግና እንደ ሰላም፣ ጤናና የሌሎች መብት ላሉ ምክንያቶች ሲያስፈልግ ብቻ ነው። አንቀጽ 90 በበኩሉ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። በእኔ ንባብ ይህ ትእዛዝ የሚያስረው አስተማሪውን ተቋም እንጂ ተማሪዋን አይደለም። ጉዳዩ በክፍል ለክርክር ሲቀርብ ግን መምህሩ ይህን አስቀድሞ ከተናገረ ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ክርክር ለልጆቻችን ባዕድ አይደለም። «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» ሲባል ሰምቶ ያላደገ ተማሪ ጥቂት ነው። ከዚህም ጀርባ በልሃ ልበልሃ አለ፤ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ ቃሉን በግጥም እያሳመረ ባለጉዳይ የሚሟገትበት የቀድሞው ችሎት። ትምህርት ቤት ከዚያ ችሎት ተሟጋቾቹን ወረሰና ዳኛውን ነጥብ ቆጣሪ አደረገው። ጭብጨባ የበዛለት ረታ፣ ተደወለ፣ ወጡ።

የእኔ ሐሳብ ክብደቱ ወደ ዳኛው ወንበር ይዛወር የሚል ነው። ሦስት ተማሪዎች ዳኛ ሆነው ይሰየሙ። ከመፍረዳቸው በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልሰው ይናገሩ። ከዚያ አንቀጽ ጠቅሰው ፍርዳቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተሟጋቾቹ ወገን ይቀያየሩ። መጀመሪያ ላይ ዳኛው የማይወደውን ወገን ቃል ማጣመሙ አይቀርም፤ ተሟጋቿም «እኔ እንዲህ አልኩ እንዴ?» ብላ ትነሣለች። ከመጽሐፉ ትርጉም ይልቅ መቻቻል የሚለመደው በዚህች ጭቅጭቅ ውስጥ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 12፣ ሐሳብ መመሥረት ለሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። በተጨናነቀ ክፍል፣ ያውም አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን በሚመራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ ያ መብት በተግባር የቡድን መሪው ሆኖ ይቀራል፤ ጎበዙ ይናገራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። ስለዚህ የዳኛው ወንበር በዕጣ ይደልደል፤ በመምህሩ ምርጫ ከሆነ ዞሮ ዞሮ ያው የቡድን መሪው ነው የሚቀመጥበት።