የጠጠር ቈራጮች ጥበብና የሐኪም መሐላ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ከተሠቃየባቸው ደዌዎች አንዱ በሽንት ፊኛ ውስጥ የሚፈጠረው ጠጠር ነው። በላይኛው ግብፅ በኤል ዐምራ፣ ፈርዖኖች ከመንገሣቸው በፊት ከተቀበረ ወጣት ዐፅም ጋራ በ1901 ዓ.ም. የተገኘው ጠጠር ለዚህ ምስክር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በግሪካዊው በሂጶክራጥስ ስም የሚጠራው መሐላ፣ ሐኪሙ ጠጠር ያለበትን ሰው እንዳይቈርጥ ከልክሎ ሥራውን ለሙያው ባለቤቶች እንዲተው ያዛል። ይህን ቃል የእጅን ሥራ እንደ መናቅ አድርጎ መተርጐም ይቻላል። ነገር ግን መሐላው ሥራውን ፈጽሞ አላወገዘም፤ እጁ ለለመደ ሰው ተወው እንጂ።

በኋላ ዘመን በአውሮፓ ጠጠር ቈራጮች የተባሉ ባለሙያዎች ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ነበር። በፈረንሳይም የኮሎ ቤተ ሰብ ከ16ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ፣ ከባዕድ ሰው ሰውሮ ጠበቀው። ምስጢሩ እንጀራቸው ነበረና። ዳሩ ግን የተሰወረ ጥበብ አይመረመርም።

የሕመምተኛው ፍርሀት ምን ያህል እንደ ነበረ ከእንግሊዛዊው ከሳሙኤል ፒፕስ ታሪክ እንረዳለን። ፒፕስ በ1658 ዓ.ም. ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ተቈርጦ ዳነ፤ ያንንም ቀን በየዓመቱ በግብዣ ለማክበር ቈረጠ። ሕመሙን ማስቀረት ስላልተቻለ የባለሙያው ክብር በፍጥነቱ ይለካ ነበር፤ የለንደኑ ቼዝልደን ከ1727 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ደቂቃ ገደማ ጠጠር ያወጣ እንደ ነበር ይነገራል።

በ1824 ዓ.ም. ግን ፓሪስ ላይ ሲቭያል የተባለ ሐኪም ሥጋን ሳይቈርጥ፣ በሽንት ቧንቧ መሣሪያ አስገብቶ ጠጠሩን ፈጨው። ከዚህም በላይ ውጤቱን ቈጠረ። በቀድሞው መንገድ ከታከሙት ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ሲሞት፣ በአዲሱ ከመቶ የሚሞቱት ሁለት ያህል እንደ ኾኑ አሳየ። በ1835 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ይህን እንዲመረምሩ ከሾማቸው አንዱ የሒሳብ ሊቁ ፗሶን ነበረ። መርማሪዎቹም ሐኪም የሚያክመው ብዙኀኑን ሳይኾን በፊቱ ያለውን አንዱን ሰው ነውና ቍጥር ብቻውን አይበቃም ሲሉ ተከራከሩ።

በ1980 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ፣ ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ የኩላሊት ጠጠር ተሰበረ። ዛሬ ትንሹ ጠጠር ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ አንዳንዱ በመድኃኒት ይሟሟል፤ ትልቁ በጠባብ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ሐኪሙም የጠጠሩን መጠን፣ ስፍራና ዐይነት፣ የሕመምተኛውንም ኹኔታ አይቶ ይመርጣል። እንግዲህ በ1835ቱ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ የትኛው መንገድ ይበልጥ እንደሚያድን ቍጥር ያሳያል፤ ምርጫው ግን ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ነው።