የልብ ምት ማቀናጃ ሕክምና

የልብ ምት ማቀናጃ ሕክምና (በአጭሩ ሲአርቲ) የልብ ድካም ካለባቸው ሕሙማን መካከል የልባቸው ታችኛ ክፍሎች በአንድነት መኮማተር ላቃታቸው የሚሰጥ፣ ለየት ባለ ፔስሜከር የሚከናወን ሕክምና ነው። መሣሪያው የልብን ጉልበት ለመጨመር ሳይሆን የምቱን ጊዜ ለማስተካከል የተሠራ ነው።

በጤናማ ልብ የኤሌክትሪክ መልእክት በቀኝና በግራ ቅርንጫፎች ፈጥኖ ስለሚሰራጭ ሁለቱ ታችኛ ክፍሎች አብረው ይኮማተራሉ። የግራው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ግን መልእክቱ ወደ ግራው ክፍል የሚደርሰው ጡንቻውን አቋርጦ በዝግታ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀድሞ ይኮማተራል፤ የውጭው ግድግዳ ተራው ሲደርስ የመጀመሪያው መላላት ጀምሯል። በዚህም ከጉልበቱ ከፊሉ ደሙን ወደ ሰውነት ከመግፋት ይልቅ እዚያው ክፍል ውስጥ በማወዛወዝ ይባክናል። ይህ መዘግየት በኢሲጂ ላይ የኪውአርኤስ ሞገድ መስፋት ሆኖ ይታያል።

መሣሪያው ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦዎች አሉት፦ አንዱ በቀኝ ላይኛው ክፍል፣ ሁለተኛው በቀኝ ታችኛው ክፍል ይቀመጣል። ሦስተኛው፣ ለሐኪሙም አስቸጋሪው፣ በልብ ደም መልስ በኩል አልፎ ከግራው ታችኛ ክፍል ውጫዊ ገጽ ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ሚራክል የተባለው ጥናት 453 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ መሣሪያው ከተተከለላቸው መካከል ለግማሽ ያህሉ ሳይበራ ቆይቷል። ከስድስት ወር በኋላ የበራላቸው በስድስት ደቂቃ ውስጥ የበለጠ ርቀት መራመድ ችለዋል፤ የኑሯቸው ሁኔታም ተሻሽሏል። በ2005 የታተመውና 813 ሕሙማን የተሳተፉበት የአውሮፓ ጥናት፣ ኬር ኤችኤፍ፣ ደግሞ የሞትን ጉዳይ መልሷል። በአማካይ 29 ወር ገደማ በቆየው ክትትል መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት 30 በመቶ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ካገኙት 20 በመቶ ሞተዋል። ከዚህ ሌላ ተለጥጦ የነበረው የግራ ክፍል በብዙዎች ላይ በወራት ውስጥ ይጠባል፤ በቫልቩ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደምም ይቀንሳል።

ሕክምናው ግን ለማንኛውም የልብ ድካም ሕመምተኛ አይሆንም። በይበልጥ የሚጠቀሙት የግራ ቅርንጫፋቸው የተዘጋ፣ የኪውአርኤስ ስፋታቸው 150 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የግራው ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ከ35 በመቶ የማይበልጠውን የሚገፋ ሕሙማን ናቸው። በ2013 የታተመው ኤኮ ሲአርቲ ስፋቱ ከ130 ሚሊሰከንድ በታች በሆኑ ሕሙማን ላይ ሞክሮት ነበር። የልብ አልትራሳውንድ ምታቸው ያልተቀናጀ መሆኑን ቢያሳይም፣ መሣሪያው በበራላቸው ወገን የሞቱት 45፣ ባልበራላቸው 26 ሆኑ፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ጠባብ ሞገድ ላለው ሰው መሣሪያው የተስተካከለውን ምት ሊያዛባ ይችላል።

በትክክል ከተመረጡትም ሲሶ ያህሉ የሚጠበቀውን ለውጥ አያሳዩም። ሽቦው የሚያርፍበት ጡንቻ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የልብ ምት መዛባት መሣሪያውን እየቀደመ ሥራውን ያሰናክላል። በመሣሪያው የሚመራው ምት መቶ በመቶ ሊደርስ እንዲቃረብ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ከጉዳቶቹ መካከል ኢንፌክሽንና የሽቦ መንሸራተት ይገኛሉ። አንዳንድ ሕሙማን ድያፍራማቸው ሲመታ ስቅታ የመሰለ ስሜት ይሰማቸዋል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ የመሣሪያውን አሠራር ከውጭ በመቀየር ይስተካከላል። የልብ ድካም መድኃኒቶች ከተከላው በኋላም ይቀጥላሉ።