ጌታ የማይቆጣበት ሜዳ የማን ነበር?

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ያገራችን ሰው። ሁላችንም ብለነዋል። ለመሆኑ ጌታው በገና አይቆጣም ከተባለ፣ በቀሩት ቀናት ምን ያደርግ ነበር? ይኸን ጥያቄ ይዘን ወደ ሲናና፣ ወደ ሮቤና ጎባ ደጋ እንውጣ።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው። ዱላው ጫፉ የቆለመመ ነው። ሩሯ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወገን ሆኖ መለጋት ነው። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ልክ እንደ አገሩ ነው። ትግሬው ቃርሳ፣ ኦሮሞው ቂሌ ይለዋል። እረኞች የክርስቶስን ልደት ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ደግሞ ጨዋታውን ከበዓሉ ጋር አቆራኝቶታል።

የዚህ ጨዋታ የሩቅ ዘመድ በካናዳ አለ፤ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ። በ1875 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ በአዳራሽ ውስጥ ተጫወቱት፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለወጣት ቡድኖች ሜሞሪያል ካፕ የተባለ ዋንጫ ቆመላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ ማን ማንን እንዳሸነፈ ተጽፎ ይገኛል። የኛ ልጆችስ? እነሱም እኮ ወቅት ነበራቸው፤ የጻፈላቸው ግን አልነበረም።

የእነዚያን ወቅት የሚወስነው በረዶው ነው፤ የኛን የሚወስነው አዝመራው። የሲናና ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን ገበሬው በኦሮምኛ «ገና» ይለዋል፤ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥና ጥር ያለውን «ቦና»። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ፦ የአማርኛው ገና የሚውለው በኦሮምኛው ገና ሳይሆን በቦናው መከር ነው! ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን ለዱላና ለሩር ቦታ ይገኛል። ያለ አጨዳ ሜዳ የለም፤ ሜዳ ከሌለ ደግሞ ምን ጨዋታ አለ?

ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ይመጣል። ያ የታጨደ ማሳ የማን ነበር? በንጉሡ ዘመን የባሌ መሬት በቃላድ እየተለካ፣ ግብር መክፈል ያቃተው ገበሬ ርስቱን ይነጠቅ ነበር። በሃይማኖትና በቋንቋ የሚደርሰው በደልም ተጨመረበት። ዋቆ ጉቱና ሌሎችም የመሩት የባሌ ገበሬ አመፅ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው በዚህ የተነሳ ነው። ልጆቹ በአንድ ወገን ሆነው ሩር የሚለጉበት መሬት፣ አባቶቻቸውን በሁለት ወገን አሰልፎ ነበር ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት በሕግ አከተመ። «ጌታ» የሚለው ቃል ግን በተረታችን ውስጥ ቀረ።

እንደኛ አስተያየት ተረቱ ውሸት አልተናገረም። አንድ ቀን አለመቆጣት ግን እኩልነት አይደለም፤ ፈቃድ ነው። የሰጠ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይነሳል። ጨዋታው ግን ሌላም ነገር አስተምሯል። ሩር በእግሩ መሀል ስትገባ ጌታም ሎሌም እኩል ይዘላል! ይኸን በዓይኑ ያየ ልጅ ሲያድግ «ለምን አንድ ቀን ብቻ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

ዛሬ የገና ጨዋታ ደንብና ዳኛ ወጥቶለት ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ሆኗል። ደግ ነው። ነገር ግን ደንብ መጻፍ ታሪክ መጻፍ አይደለም። ስለዚህ ጓዶች፣ ለበዓል አገር ቤት የምንገባ ሁሉ አንድ ደብተር እንያዝ። አባቶቻችንን ማን አሸነፈ ብለን ብቻ አንጠይቃቸው። የተጫወታችሁበትን ማሳ ማን አረሰው፣ ማንስ በላው ብለንም እንጠይቅ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ወገን ይሰለፍ ነበር ወይ ብለንም እንጨምር።

መልሱን ይዘን ስንመለስ እንገናኝ።